ለልጆች ፊልም ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት ከእናንተ መካከል ሦስት ወጣቶች ፊደል የሚያስተምር አጭር ፊልም ሠርተው አዘዞ ካለው ቤቴ ድረስ አመጡልኝ። ከጎረቤት ዘጠኝ ሕፃናት ሰብስበን ስልኩን ዱካ ላይ አቆምነው። አንዲት ጦጣ ዛፍ ላይ ስትወጣ ታዳልጣታለች፤ በዚያው ቅጽበት በስክሪኑ ጥግ «ጦ» የሚለው ፊደል ብቅ ይላል። ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ሲያልቅ «ምን አያችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዘጠኙም በአንድ አፍ «ጦጣዋ ወደቀች!» አሉ። ፊደሉን ያየ አንድም ልጅ አልነበረም።

የሦስቱ ወጣቶች ፊት ጠቆረ። ሥራው ሌሊት ከሌሊት የተደከመበት ነበርና አዘንኩላቸው። ነገር ግን በሠላሳ ሰባት ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ሳቁ በአንድ በኩል፣ ትምህርቱ በሌላ በኩል ከተቀመጡ ልጅ ሁልጊዜ ወደ ሳቁ ይሄዳል። ልጅ ሆኖ እንዴት አይሄድ!

ልጆችን እያጫወቱ ማስተማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልህ!» ሲሉን «ምን አውቅልህ!» እያልን አድገናል። ጠያቂው ጥያቄውን ይጥልና ዝም ይላል። ያን ዝምታ አስታውሱት። የሁላችንም አእምሮ የሚሠራው በዚያች አፍታ ነበር። ሲያቅተን «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ ጎንደርን እንሰጣለን፣ መልሱ የሚነገረን ከዚያ በኋላ ነው። መልሱን አስቀድሞ የሚያፈርጥ ሰው እንቆቅልሽ አያውቅም ይባል ነበር።

ይህንኑ ነገር የሬዲዮ ትምህርት አዘጋጆችም ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒካራጓ ሒሳብ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ በኬንያ እንግሊዝኛ በሬዲዮ ሲሰጥ፣ ድምፁ ይጠይቃል፣ ይቆማል፣ ክፍሉ በሙሉ ጮክ ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ ትክክለኛው መልስ ይነገራል። ስክሪን የለም፣ ሥዕል የለም። በጭልጋና በደምቢያ ገጠር ቴሌቪዥን ለሌለው ልጅ የምትሠሩ ከሆነ ይህን መንገድ አትናቁት።

ተቃራኒውንም በዓይኔ አይቻለሁ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር ትምህርቱ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይመጣ ጀመር። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ተማሪዎቼ ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱ ይመጣል። ማስቆም አልችልም፤ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ጠመኔ ይዤ እቆማለሁ እንጂ። ብርቱ የነበሩ ልጆች አንገታቸውን ሲደፉ ያየሁበት ዘመን ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ልመናዬ ይህ ነው፦ ገጸ ባሕርያችሁ ጠይቆ ዝም ይበል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላችሁ ቁጠሩ። ፊልም ለሚያቀናብር ሰው አራት ሰከንድ ዘላለም እንደሚመስል አውቃለሁ። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ገና ማሰብ የጀመረበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው፣ ዓይናቸውን ተመልከቱ። ሰሰሚ ስትሪት የተባለው የአሜሪካ የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1969 ከመጀመሩ በፊት ተመራማሪዎቹ ከቴሌቪዥኑ ጎን በየ7 ሰከንድ ተኩሉ የሚቀያየር ሥዕል ያሳዩ ነበር። ልጁ ከፊልሙ ዓይኑን ነቅሎ ወደ ሥዕሉ በዞረባት ቅጽበት፣ ያ ትዕይንት ደካማ መሆኑን ይመዘግባሉ። እናንተ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ከስልኩ ጀርባ ቁሙና ፊታቸውን እያያችሁ ጻፉ፤ የት ሳቁ፣ የት አዛጉ፣ የት በር በሩን አዩ። የወደዳችሁትን ትዕይንት መቁረጥ ሊኖርባችሁ ይችላል። ቁረጡት።

መንገዱን የጠረጉላችሁ አሉ። አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ሰፊ ስቱዲዮና ብዙ ቀለም አልነበራቸውም፤ ልጁን በቀጥታ እያዩ ያናግሩት ነበር። የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረቻት ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ መጀመሪያ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ናት። ኡቦንጎ የተባለው የዳሬሰላም የልጆች ፕሮግራም አዘጋጅ ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሒሳብን በስዋሂሊ በካርቱንና በዘፈን ያስተምራል። ገንዘብ የለንም ስትሉኝ የምነግራችሁ ስለዚያች ካልሲ ነው።

ለወላጆችም ተናገሩላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በፊልማችሁ ውስጥ «አሁን አያትህን ጠይቃቸው» የሚል ቦታ አስገቡ። አያቱ አጠገቡ ካሉ ትምህርቱ ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ይቀጥላል።

ሦስቱ ወጣቶች ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። አሁን ፊደሉ ቅርንጫፉ ላይ ተጋድሟል። ጦጣዋ ትረግጠዋለች፣ ያዳልጣታል፣ ትወድቃለች። ተነሥታ ፊደሉን ከፍ አድርጋ ይዛ «ያዳለጠኝ ማን ነው?» ትልና ዝም ትላለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዘጠኙ ትንሹ፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላው፣ «ጦ!» ብሎ ጮኸ። ፊልሙ ሳያልቅ ተነሥቶ ወጣና ግቢው ጭቃ ላይ በስንጥር ይጽፈው ጀመር። ጠማማ ነበር፣ ግን ጦ ነበር።