«ወንድነቴን አስረውብኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ የኔታ፣ ይፍቱኝ። የቡሬ ሰው ነኝ። ኩላሊቴ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆነው። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ስላለብኝ ከባለቤቴ ጋር ባሕር ዳር ቤት ተከራይተን ነው ያለነው። የተጋባነው በቁርባን ነው። ከታመምኩ ወዲህ ግን አብረን መተኛት አልቻልንም። ዘመድ «ወንድነትህን አስረውብህ ነው፤ እጥበቱን ተውና ጠበል ግባ» ይለኛል። እሷንስ ከምበድላት ባሰናብታት ይሻል ይሆን?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ወንድም ዓለም። «ታሰርኩ» ብሎ የመጣብኝ ሰው ብዙ ነው። ድሮ እኔም ቶሎ አምን ነበር። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ያምሃል? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ይገኛል።

ስንፈተ ወሲብ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ የተለመደ ነው። ቆሻሻው ደም ውስጥ ይቀራል። ደም ያንሳል። የወንድነት ሆርሞን ይቀንሳል። ስኳርና ግፊት ካሉም ደም ሥሩንና ነርቩን ይጎዳሉ፤ አንዳንዱ የግፊት መድኃኒትም የራሱን ይጨምራል። አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ የዋለ ሰው፣ የብሩ ጭንቀት ሲታከልበት፣ ምን ጉልበት ይተርፈዋል? ሴቶቹም ላይ አለ፤ የወር አበባ ይዛባል፣ ፍላጎት ይጠፋል። እነሱ ደግሞ ጭራሽ አይናገሩም። ታዲያ ይህን ሁሉ የትኛው ጎረቤት አሰረው?

ጠበሉን አልከለክልህም። ተጠመቅ። እጥበቱን ግን አንድ ቀን እንዳታስቀር! ሽንቱ የቆመ ሰው የጠጣው ውኃ መውጫ የለውም፤ ሳንባው ላይ ይተኛል። እጥበቱን ትቶ ጠበል በጆግ ሲጠጣ የሰነበተ ሰው፣ ትንፋሽ አጥሮት በቃሬዛ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ለበረከት ጉንጭህን አርጥብ፤ ያችንም ጠበል ሐኪሙ ከፈቀደልህ የውኃ መጠን ቁጠራት። ጸጋ በሊትር አይለካም። ሐኪምን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል የሚለን መጽሐፈ ሲራክ ነው፤ ምዕራፍ 38ን አንብበው።

እኔን የከበደኝ «ላሰናብታት» ያልከው ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 «እርስ በርሳችሁ አትከላከሉ» ማለቱን ሰው በታመመ ባል ላይ ሲወረውረው እሰማለሁ። ቃሉን እይ እንጂ! የከለከለ ሰው ማለት እያለው የነፈገ ነው። አንተ ምን አለህና ነፈግክ? ያልቻለ ሰው አልከለከለም። ቁርባናችሁም በጤናህ ልክ የተሰጠ አይደለም። እሷ ቤቷን ትታ ባሕር ዳር የተከራየችው ማንን ብላ ነው? አንተ ግን እሷን ሳትጠይቅ ፈረድክላት። አፍረህ ፊትህን ወደ ግድግዳ ስታዞር «ሌላ አለው» ወይም «ጠልቶኛል» ብላ እያደረች እንደሆነስ? ንገራት። እጇን ያዝ፣ አጠገቧ ተኛ። ይህም መኝታ ነው።

ለሐኪሙም ንገረው፤ አይስቅብህም። ደም ማነሱ ሊታከም፣ መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል። ንቅለ ተከላ ካገኙት ብዙዎቹ ላይም ይሻሻላል። ከሱቅ ወይም ከጓደኛ ኪስ የሚወጣውን ቪያግራ ግን እንዳትነካ፤ ከአንዳንድ የልብ መድኃኒት ጋር ከገጠመ ግፊትን ቁልቁል ይጥላል።

በሚቀጥለው ቀጠሮህ እሷንም ይዘሃት ግባ። አንተን እፍረት ከያዘህ እሷ ትናገርልህ።