ሠንጠረዡ ብቻ ይታደስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ሠርቻለሁ። ገጹ ላይ ያልተያዙ ክፍሎችን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። መረጃው እንዳያረጅ ብዬ ገጹ በየ30 ሰከንዱ ራሱን ሪፍሬሽ እንዲያደርግ አዝዤዋለሁ። ጥምቀት ሲቃረብ ግን እንግዶች ስማቸውንና የሚገቡበትን ቀን እየሞሉ ሳለ ገጹ ብልጭ ይልና የጻፉትን ሁሉ ያጠፋባቸዋል። ሠንጠረዡን ብቻ ማደስ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ የሚገዛም የሚጫንም ነገር የለም። ማይክሮሶፍት ይህን ችሎታ በ1999 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ላይ አመጣው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤጃክስ የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ ሁሉም ዘመናዊ ብራውዘር ፌች (fetch) የተባለውን፣ ገጹ ሳይታደስ ከሰርቨር መረጃ የሚያመጣውን የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ስለሚያውቅ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ ጄኩዌሪ የተባለውን ተጨማሪ የኮድ ስብስብ አይጨምሩ።

በመጀመሪያ ገጹን በየ30 ሰከንዱ የሚያድሰውን የሜታ መስመር ያጥፉት። ከዚያ ሠንጠረዡን የራሱ አይዲ (መለያ ስም) ባለው ዲቪ፣ ማለትም የገጹን አንድ ክፍል በሚይዝ ሳጥን (div)፣ ውስጥ ያስቀምጡ። ፎርሙ ከዲቪው ውጭ መሆን አለበት፤ ውስጥ ከሆነ ሠንጠረዡ በታደሰ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ የክፍሎቹን ሁኔታ ብቻ የሚመልስ አንድ አድራሻ ይክፈቱ፦ የክፍል ቁጥር፣ ዓይነት፣ ዋጋ በብር፣ የተያዘ ወይም ያልተያዘ። የፋሲል ግንብ ፎቶም ሆነ ማውጫው እዚያ ቦታ የላቸውም። መልሱ በጄሰን (JSON) በተባለው የመረጃ አጻጻፍ ከሆነ የ20 ክፍል መረጃ ከጥቂት ኪሎባይት አያልፍም። ከመልሱ ጋር «አታስቀምጥ» የሚል ትርጉም ያለው ኖ-ስቶር (no-store) የተባለ የካሽ ትእዛዝ አብሮ ይላክ፤ አለበለዚያ ብራውዘሩ የቀድሞውን መልስ ከራሱ ማከማቻ አውጥቶ ሊሰጥዎ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ፌች ስህተት አለ የሚለው ጨርሶ መገናኘት ሲያቅተው ብቻ ነው። ሰርቨሩ 404 (አልተገኘም) ወይም 500 (የሰርቨር ስህተት) ብሎ ቢመልስ እንደ ደህና መልስ ይቀበለዋል። ስለዚህ ጄሰኑን ከመፍታትዎ በፊት የመልሱ ኦኬ (ok) የተባለው ምልክት እውነት መሆኑን ያረጋግጡ።

ኔትወርክ ሲቋረጥ ሠንጠረዡን ባዶ አያድርጉት። የነበረው ይቆይ፤ ከላዩ ግን «የታደሰው ከ3 ደቂቃ በፊት» የሚል ጽሑፍ ይኑር። ሰዓቱን በቁጥር አለመጻፍ ይሻላል፤ የጎንደር ሰው 4፡20 የሚለውን ከውጭ የመጣ እንግዳ 10፡20 ይለዋልና።

ጊዜውን ለመቁጠር መልስ ሳይጠብቅ በየተወሰነ ጊዜ የሚደጋግመውን ሴት ኢንተርቫልን (setInterval) አይጠቀሙ። መስመሩ ተጨናንቆ አንድ መልስ 40 ሰከንድ ቢቆይ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው መልስ በፊት ይወጣል። ዘግይቶ የደረሰው አሮጌ መልስም አዲሱን ይደፍቀዋል፤ የተያዘው ክፍል ተመልሶ ነጻ መስሎ ይታያል። መልሱ ከደረሰ ወይም ከከሸፈ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ በሚቆጥረው ሴት ታይምአውት (setTimeout) 30 ሰከንድ ይቁጠሩና እንደገና ይጠይቁ። በ10 ሰከንድ ያልመጣውን ጥያቄን በሚያቋርጠው አቦርት ኮንትሮለር (AbortController) ይቁረጡት። በየ30 ሰከንዱ መጠየቅ ለአንድ ስልክ በሰዓት እስከ 120 ጥያቄ ስለሆነ፣ እንግዳው ወደ ሌላ ታብ ሲሄድ ያቁሙ፤ ሲመለስ ወዲያው ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሠንጠረዡን አምነው ክፍል አይስጡ። በሁለት እድሳት መካከል ሁለት ሰዎች ያንኑ ክፍል ሊነኩ ይችላሉ፤ በጥር 10 ለከተራ የመጣን እንግዳ ደጅ ላይ መመለስ ደግሞ ከባድ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ለእያንዳንዱ የተያዘ ክፍል በየሌሊቱ አንድ ረድፍ ይመዝግቡ፤ የክፍል ቁጥርና ሌሊት ጥምረት እንዳይደገም የዩኒክ (UNIQUE) ገደብ ያድርጉበት። ሁለተኛውን ሰው ያኔ ዳታቤዙ ራሱ ይመልሰዋል፤ ለእሱም «ክፍሉ አሁን ተይዟል» ብለው ሠንጠረዡን ወዲያው ያድሱለት።

ጥያቄ፦ ለመለዋወጫ ሱቅ በሠራሁት ገጽ የዋጋው ዝርዝር በፌች ይታደሳል። ከታደሰ በኋላ ግን «ወደ ቅርጫት ጨምር» የሚለው ቁልፍ ሲነካ ዝም ይላል። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ጠቅታውን የሚጠብቀውን ፈንክሽን ያሰሩት በድሮዎቹ ቁልፎች ላይ ነው፤ ዝርዝሩ ሲተካ እነሱም አብረው ሄዱ። አዲሶቹ መልካቸው ያው ቢሆንም ምንም ፈንክሽን አልታሰረባቸውም። ፈንክሽኑን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝርዝሩን በያዘው በማይለወጠው ዲቪ ላይ ያያይዙት። ጠቅታ ሲደርስ በክሎዘስት (closest) ትእዛዝ የተነካውን ቁልፍ ፈልገው የዕቃውን ኮድ ከቁልፉ ዳታ ላይ ያንብቡ።

አንድ ነገር እንጨምር፦ ሰው የጻፈውን የዕቃ ስም ወይም አስተያየት ጽሑፉን እንደ ገጽ ኮድ በሚያነበው ኢነር ኤችቲኤምኤል (innerHTML) አያስገቡ። ተንኮለኛ ሰው ኮድ ጽፎ ቢልክ በደንበኞችዎ ስልክ ላይ ይሠራል። በቴክስት ኮንቴንት (textContent) ካስገቡት ግን እንደ ተራ ጽሑፍ ብቻ ይታያል።

ጥያቄ፦ በፌች የሚመጣው አማርኛ ጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆንብኛል። (ከማራኪ)

መልስ፦ ዳታቤዙን ከፍተው ይዩ። እዚያም ጥያቄ ምልክት ከሆነ ጽሑፉ ሲቀመጥ ጠፍቷል፤ የዳታቤዙን ሠንጠረዥና ሰርቨሩ ከዳታቤዙ ጋር ያለውን ግንኙነት ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) ወደተባለው የፊደል አመዘጋገብ ቀይረው፣ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል (MySQL) ከሆነ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (utf8mb4) መርጠው፣ እንደገና መጻፍ ብቻ ነው ያለው። ዳታቤዙ ውስጥ ደህና ከሆነ ግን ግንኙነቱን ብቻ ያስተካክሉ። በጥያቄ ምልክት ፋንታ የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት ከታዩ ደግሞ ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ አልጠፋም፤ አነባበቡ ተሳስቷል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚይዝ፣ «ጎንደር» 12 ባይት ነው፤ እያንዳንዱን ባይት ለየብቻ የሚያነብ ፕሮግራም 12 ምልክት ያወጣል። ፌች ጽሑፍንና ጄሰንን ሁልጊዜ እንደ ዩቲኤፍ-8 ስለሚያነብ፣ ሰርቨሩ መልሱን በዩቲኤፍ-8 መላኩን ያረጋግጡ።