መልስ፦ «ኳይት ጉድ» ሙገሳ ነው ወይስ ቅሬታ?

እህቴ፣ እንግሊዛዊው አለቃሽ ሪፖርትሽ ላይ «ኳይት ጉድ» ብሎ የጻፈው ሙገሳ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። «በጣም ጥሩ» ብለሽ ለመተርጎም አትቸኩዪ። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ኳይት» ከ«ጉድ» ፊት ሲገባ ብዙ ጊዜ ነገሩን ረገብ ያደርገዋል። የኛ «ደህና ነው» ዓይነት ነው። አሜሪካዊ ቢጽፈው ግን ወደ «በጣም ጥሩ» ይጠጋል።

ሰው ፊት ለፊት ሲናገረው ድምፁን ስሚ። እንግሊዞች «ኳይት» ላይ ጫን ካሉ «ጥሩ ነው፣ ግን...» እያሉ ነው። «ጉድ» ላይ ጫን ካሉ ወደውታል። ጽሑፍ ላይ ይሄ አይሰማም፤ ግራ የገባሽም ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። «ኳይት ኢምፖሲብል» ማለት «ጭራሽ የማይቻል» ነው። አንድ ነገር ወይ ይቻላል ወይ አይቻልም፣ መሃል የለውም። እንዲህ መሃል ከሌለው ቃል ፊት ሲገባ «ኳይት» ትርጉሙ «ሙሉ በሙሉ» ይሆናል። የቃሉ የቆየ ትርጉምም ይሄው ነው። «ኖት ኳይት ሬዲ» ሲሉሽ ደግሞ «ትንሽ ይቀረዋል» ማለታቸው ነው።

«ኳይት ኤ ፊው» ላይ ግን አደራ! «ፊው» ጥቂት ስለሆነ ጥቂት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «ብዙ» ነው። እኔ «ኳይት ኤ ፊው» ስህተት አለው የሚል ኢሜይል ደርሶኝ፣ ሁለቱን ብቻ አርሜ ሰነዱን መልሼ ልኬ አውቃለሁ።

ለአለቃሽ «የቱን ላሻሽል?» ብለሽ ጻፊለት። ነውር የለውም፣ መልሱም ቁርጡን ያሳውቅሻል።