እንግዳው ከተሸኘ በኋላ የቀዘቀዘው ቤት

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ ከባለቤቴና ከወላጅ እናቴ ጋር አዲስ አበባ እኖራለሁ። ቨርጂኒያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ከ7 ዓመት በኋላ ለገና መጥቶ፣ ጥምቀትንም አብሮን አክብሮ ጥር 15 ቀን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ቡና አላፈላችም፤ ጥር 21 ቀን የጽዋ ማኅበሯን እንኳን ቀረች። እሱ የተኛበትን ፍራሽ ከሳሎን እንዳናነሳም ትከለክለናለች። እኔም ቢሮ ተቀምጬ እንባዬ ይመጣል፤ ልጆቼን በሆነ ባልሆነው እቆጣለሁ። ባለቤቴ ‹ሰው የሞተ አስመሰላችሁት› ይለናል፤ ለበዓሉ ባወጣነው ገንዘብም እየተጨቃጨቅን ነው። ወንድሜ እያለ እናቴ እንዴት ትስቅ ነበር! ለእኔ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ከዚህ ስሜት እንዴት እንውጣ?» (ጥር 26 ቀን የተጻፈ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባለቤትዎ የተናገሩት ነገር ቢያስከፋዎትም፣ በቤታችሁ ያለው ስሜት ከሐዘን ጋር መመሳሰሉን በትክክል አስተውለዋል። ከኅዳር 15 ጀምሮ በጾም፣ ከዚያም በገናና በጥምቀት ዝግጅት የቆየ ቤት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ 7 ዓመት የተጠበቀን ልጅ የተቀበለ ቤት፣ በአንድ ሌሊት ምንም የሚጠብቀው ነገር ሳይኖረው ቀርቷል። በ2010 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ በ1,530 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለእረፍት የሚጓዙ ሰዎች ከሌሎች የበለጠ ደስተኞች የነበሩት ከጉዞው በፊት እንደሆነና፣ እጅግ ዘና ብለው ካረፉት በስተቀር ከተመለሱ በኋላ ልዩነት እንዳልታየባቸው አሳይቷል። የሽርሽር ናፍቆት ከልጅ ናፍቆት ጋር ባይወዳደርም፣ መጠባበቁ ራሱ የደስታው ትልቅ ክፍል እንደነበር ለመረዳት ይጠቅመናል።

በወላጅ እናትዎ ላይ ግን ከዚህ የከበደ ነገር ሊኖር ይችላል። ልጃቸው የሚመጣው በ7 ዓመት አንድ ጊዜ ከሆነ፣ «ለሚቀጥለው እደርስ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ በቦሌ ሽኝት ላይ ሳይመጣባቸው አይቀርም። እንዲህ ያለውን ሐሳብ «አይዞሽ፣ ይመጣል» ብሎ ከመዝጋት ይልቅ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «በጣም ከበደሽ አይደል?» ብሎ መጠየቅና ሲያለቅሱም ቶሎ ዝም ለማሰኘት አለመጣደፍ የተሻለ ነው።

በተጨማሪም ለሦስት ሳምንት ያህል በቤቱ ውስጥ ትልቅ ሥራ ነበራቸው፤ ዶሮ ወጡን የሚቀምሱት፣ እንግዳውን «ብላ እንጂ» የሚሉት፣ የጎረቤቱን ሰላምታ የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ። አሁን ይህ ሁሉ ቀርቷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፒተር ሉዊንሰን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድባቴን ሲያጠና፣ ሰው ደስታና እርካታ የሚያገኝባቸው ተግባሮች ሲቀንሱበት ስሜቱ እንደሚወርድ፣ ስሜቱ ሲወርድም ተግባሮቹ ይበልጥ እንደሚቀንሱ ገልጿል። ስለዚህ ስሜታቸው እስኪሻሻል ጠብቀው ቡና እንዲያፈሉ ከመመኘት፣ ቡናውን አስቀድሙት። «ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ያንቺን ቡና ነው የምጠጣው፤ ቆልተሽ ጠብቂኝ» ይበሏቸው፤ እምቢ ካሉ እርስዎ ጀምረው ረከቦቱን አጠገባቸው ያቅርቡ። የየካቲት 21 ማኅበራቸውንም አብረዋቸው ይሂዱ። ከወንድምዎ ጋር ደግሞ በየቀኑ በድንገት ከመደወል ይልቅ ቀንና ሰዓት ይቁረጡ፤ እሁድ ከቀኑ 11 ሰዓት በዚህ ወቅት ለእሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስለሆነ ለሁለቱም የሚመች ይመስለኛል። እንዲህ ሲሆን የሚጠብቁት ነገር ይኖራቸዋል።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ዓይኔ ያረፈው «ለእኔ እንደዚያ ስቃ አታውቅም» በሚለው ላይ ነው፤ እንደዋዛ ጣል አድርገውት አልፈዋልና። ቢሮ ውስጥ የሚመጣብዎት እንባ ሁሉ የወንድምዎ ናፍቆት ላይሆን ይችላል። መድኃኒታቸውን የሚገዙት፣ ሌሊት ሲያማቸው የሚነሱት፣ አስቤዛውን የሚያሟሉት እርስዎ ሆነው ሳለ ፊታቸው የበራው ለመጣው ልጅ ከሆነ፣ ቅር መሰኘትዎ ክፋት ወይም ምቀኝነት አይደለም። በእኔ እይታ ይህ በፍቅር ማነስ የሚሆን አይደለም፤ አብሮ የሚኖር ልጅ የእናቱን ድካምና ጭንቀት በየቀኑ ሲካፈል፣ እንግዳው የሚያየው የበዓሉን ፊት ብቻ ነው። ሆኖም ቅሬታውን ለእሳቸውም ለወንድምዎም መናገር ስለሚያሳፍር፣ መውጫ ያጣው ስሜት ልጆችዎ ላይ እየወጣ ይመስላል። ለባለቤትዎ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ምናልባት እሳቸውም ጭቅጭቁ ስለ ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ይረዱ ይሆናል። ወንድምዎንም «ናፈቅከን» ከማለት አልፈው፣ የእናታችሁን የሕክምና ቀጠሮ መከታተልን የመሰለ አንድ ቋሚ ኃላፊነት እንዲወስድ ይጠይቁት። በወር አንድ ቀን ደግሞ ያለ ልጆችና ያለ ጉዳይ፣ እርስዎና እናትዎ ብቻችሁን አንድ ቦታ ውጡ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ የምለው የለኝም። አንድ ምሽት ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ፣ እናትዎ በማይሰሙበት ቦታ፣ የቅርጫውንም የሌላውንም ወጪ በወረቀት ጽፋችሁ በስንት ወር እንደሚሸፈን ወስኑ።

ናፍቆት ቀስ በቀስ እየቀለለ የሚሄድ ስሜት ነው። ነገር ግን እናትዎ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ተክዘው ከዋሉ፣ ምግብና እንቅልፍ ከራቃቸው ወይም ክብደት ከቀነሱ፣ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል፤ በእርሳቸው ዕድሜ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል ምርመራው ከጤና ጣቢያ ቢጀምር ጥሩ ነው። መሞትን የሚመኝ ንግግር ከሰሙ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ወደ አማኑኤል ወይም የሥነ አእምሮ ክፍል ወዳለው ሌላ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም ሕክምናውን ሳያቋርጡ ይሁን።

ፍራሹን እሳቸው ሳይፈቅዱ አያንሱት። ቅዳሜ ማታ ልጆችዎ አያታቸውን «ዛሬ አጎታችን አልጋ ላይ እንተኛ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ከፈቀዱ፣ አንሶላውን እሳቸው ራሳቸው እንዲያነጥፉላቸው ይተዉላቸው።