ሲስተርን ጠይቁ፦ የሰው መከራ ሰምቼ ስገባ እንቅልፍ አጣሁ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ። እንደ ጸሐፊዋ ያሉ ሴቶች በየመጠለያውና በየጤና ጣቢያው ብዙ ናቸው፤ ስለራሳቸው ሲጠይቁ ግን እምብዛም አልሰማም።

«ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከአረብ አገር ተጎድተው የሚመለሱ እህቶች በሚያርፉበት መጠለያ ውስጥ ነው የምሠራው። ሲመጡ የምቀበላቸውና ፎርም የምሞላላቸው እኔ ነኝ። ስጀምር የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ። አሁን ግን እየከበደኝ መጥቷል። አንዷ ልጅ፣ ጓደኛዋ መስኮት ስትወለውል ከፎቅ እንዴት እንደወደቀች ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ላሰጣ በረንዳችን ላይ መውጣት አልቻልኩም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌሊት እባንናለሁ። ባለቤቴ ምን ሆነሻል ሲለኝ እቆጣዋለሁ። ባልደረቦቼ ትለምጂዋለሽ ይሉኛል። ሥራዬን እወደዋለሁ። ደካማ ሆኜ ነው? ልተወው?» (ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ደካማ አይደለሽም። በሌላ ሰው ላይ የደረሰን አደጋ ደጋግሞ የሚሰማ ሰው፣ አደጋው በራሱ ላይ የደረሰ ያህል ሊባንን፣ ሊቆጣ፣ ቦታ ሊሸሽ ይችላል። በሙያችን የታወቀ ነገር ነው። ነርሶች ላይ አይቼዋለሁ፣ ፖሊሶች ላይም አይቼዋለሁ። አስተርጓሚዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። የሌላውን መከራ «እኔ» እያሉ በራሳቸው አፍ ነው የሚናገሩት። ንግግሩ ሲያልቅ ግን ዞር ብሎ «አንቺስ?» የሚላቸው የለም።

«ትለምጂዋለሽ» ለሚሉሽ ጆሮ አትስጪ። ለመድነው ከሚሉት ውስጥ ደንዝዘው የቀሩ አሉ። የደነዘዘ ሰው ፊቱ የተቀመጠችውን ልጅ በደንብ አያያትም።

አሁን ወደ ፎርሙ ልምጣ፤ የችግርሽ አንዱ ምንጭ እሱ ይመስለኛል። እስቲ አስቢው፣ አንዲት ተመላሽ ልጅ ስንት ቦታ ነው ታሪኳን የምትናገረው? ኤርፖርት ትጠየቃለች፣ ፖሊስ ይጠይቃታል፣ ክሊኒክ ትጠየቃለች፣ መጠለያ ስትገባ አንቺ ትጠይቂያታለሽ። ከወር በኋላ ደግሞ የረጂ ድርጅት እንግዳ መጥቶ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪን» ይላታል። እሷም ትታመማለች፣ ሰሚዋም ትታመማለች።

በመጀመሪያው ቀን ማወቅ ያለብሽ ትንሽ ነው። የሚያማት ነገር አለ? የምትወስደው መድኃኒት አለ? እርጉዝ ናት? ልጅ አላት? ደላላው እያስፈራራት ነው? ራሷን ለመጉዳት አስባለች? ለማን ይደወልላት? ይኸው ነው። የጥቃቱን ዝርዝር የሚፈልጉት ሐኪሙና መርማሪው ናቸው፤ እነሱም በተዘጋጀ ቦታ፣ በተቻለ መጠን አንዴ ብቻ ቢጠይቋት ይመረጣል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለውን ዓይነት ማዕከል ማየት ጥሩ ነው። ሕክምናውንም፣ የፖሊስና የሕግ ጉዳዩንም አንድ ቦታ የሚያሰባስበው፣ የተጠቃችው ሴት ከቢሮ ቢሮ እየዞረች ያንኑ እንዳትደግም ነው። እናም አለቃሽን «ይሄ ጥያቄ ለምን ይጠቅመናል?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ከፎርሙ ይውጣ።

በሥልጠናው ላይ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ የሚባለውን ሳትማሪ አትቀሪም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ መመሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ዋናው ሐሳቡ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት ነው። ማዳመጥ ሲባል ግን ታሪኩን ማውጣት አይደለም። ድሮ ድሮ አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አስቀምጦ ሁሉንም እንዲዘረዝር ማድረግ እንደ መድኃኒት ይቆጠር ነበር። ኋላ ሲጠና አለመጥቀሙ ታየ፣ አንዳንዶቹንም አባሰባቸው። መመሪያውም ሰውን እንዲናገር አታስገድዱ ይላል። ልጅቷ ሆድ ይፍጀው ካለች መብቷ ነው። መናገር ስትፈልግ ደግሞ አንቺ እዚያ መሆንሽን ታውቅ።

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን የተመለሱበትን ጊዜ ታስታውሺ ይሆናል። ከነዚያ ተመላሾች መካከል ያገኘኋቸው ሴቶች መጀመሪያ የጠየቁኝ የምክር አገልግሎት አልነበረም። እናታቸው ጋ የሚደውሉበት ስልክ፣ ገላቸውን የሚታጠቡበት ውኃ፣ እግራቸው ላይ የሚያጠልቁት ነጠላ ጫማ ነበር። እነዚህን ማሟላት ራሱ እርዳታ ነው፤ ትንሽ አድርገሽ አትዪው።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ መጠለያ ውስጥ ተመላሾቹ እንዲጫወቱ ተብሎ ቡና ተፈላ፣ ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ ዕጣን ተጨሰ። ጭሱ ሲነሳ አንዷ ልጅ ፊቷ ነጣ፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተተከለ። ሌሎቹ ዛር ነው ብለው ሊያማትቡባት ተነሱ። ኋላ እንደተረዳነው፣ የአሠሪዋ ቤት ማታ ማታ ቡኹር የሚባለው የአረቦች ዕጣን ይጨስ ነበር። መጠለያውን የምትመራው ሴት አልነካቻትም፣ «ምን ሆንሽ?» አላለቻትም። ፊት ለፊቷ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና ረጋ ባለ ድምፅ ስሟን ጠራች። «አዲስ አበባ ነሽ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። እግርሽን መሬቱ ላይ ጫን አድርጊው። እዚህ ክፍል ውስጥ አረንጓዴ ነገር ምን ይታይሻል?» አለቻት። ልጅቷ ቆይታ «ቄጠማው» አለች። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ዕጣን ከመጨሱ በፊት ሁሉም ይጠየቃሉ። ይህን አጠያየቅ አንቺም ልትጠቀሚበት ትችያለሽ። ለልጆቹም፣ ሌሊት ስትባንኚ ለራስሽም።

አሁን ስለራስሽ። የሦስት ቀን ሥልጠና መግቢያ ነው፤ ለብቻው ማንንም አያቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳንቺ የሥነ ልቦና ባለሙያ ላልሆኑ ረዳቶች ያዘጋጀው ሌላ ፕሮግራም አለ። ችግር ያስጨነቀውን ሰው ለ5 ሳምንት፣ በሳምንት አንዴ፣ ለ90 ደቂቃ ያገኙታል። በፓኪስታንና በኬንያ ተሞክሮ ጠቅሟል። እዚያ ረዳቶቹ ሠልጥነው ወደ ሥራ ከገቡም በኋላ ከሚከታተላቸው ባለሙያ ጋር በመደበኛነት ይገናኛሉ። ክትትል ስልሽ ቼክሊስት ይዞ ፋይል የሚያገላብጥ ሰው ማለቴ አይደለም። «በዚህ ሳምንት የከበደሽ የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው ማለቴ ነው። ድርጅትሽ ይህን እንዲያዘጋጅ በጽሑፍ ጠይቂ። ገንዘብ የለም ካሉሽ፣ ባልደረቦችሽ ተሰብስባችሁ በሳምንት አንድ ሰዓት ያዙ፤ የልጆቹን ስምና ዝርዝር ሳታነሱ በእናንተ ላይ ያደረሰውን ብቻ ተነጋገሩ። ከባድ ታሪክ የሚሰማው ሰውም በተራ ይሁን፤ በቀን አምስት ልጅ መቀበል የአንድ ሰው ሥራ አይደለም።

ለባለቤትሽ «ዛሬ ከባድ ቀን ነበር፣ ዝርዝሩን አትጠይቀኝ፣ አጠገቤ ሁን» በዪው። ምን እንደሆንሽ ስለማያውቅ በሱ የተቆጣሽ እየመሰለው ይሆናል። በረንዳውን ጨርሰሽ አትሽሺው፤ በሸሸሽው ቁጥር እየገዘፈ ይሄዳል። በቀን ብርሃን ከባለቤትሽ ጋር በሩ ላይ ቁሚ። ድንጋጤው እስኪበርድ ቆዪና ግቢ። በሌላ ቀን አንድ እርምጃ ጨምሪ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከወር በላይ ከቀጠለ ወይም መብላትና መሥራት ካቃተሽ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ እይ። ሥራውን መተውን በተመለከተ፣ አሁን አትወስኚ። መጀመሪያ ዕረፍት ውሰጂ፣ ፎርሙ ይቀየር፣ የሚከታተልሽ ሰው ይኑርሽ። ያኔም ልተወው ካልሽ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም።

«ልጄ ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ ቤት ውስጥ አይተኛም፣ በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው። በር ሲንኳኳ ይዘላል። አረቄ አብዝቷል። ጎረቤቱ ጠበል ውሰደው ይለኛል፣ የእህቴ ልጅ ሐኪም ቤት ትለኛለች። አንድ ሰው ደግሞ የእንቅልፍ ኪኒን ከፋርማሲ ገዝቶ ሰጠኝ። የቱን ልያዝ?» (ከወልዲያ)

አባቴ፣ ልጅዎ በሕይወት ስለተመለሰልዎ እግዚአብሔር ይመስገን። ኪኒኑን ግን አይስጡት። ዲያዚፓምና የመሳሰሉት የጦርነቱን ትዝታ አያክሙም፣ ሱስም ያስይዛሉ። ከአረቄ ጋር ሲሆን ደግሞ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርሱ ይችላሉ።

ጠበሉና ሐኪም ቤቱ አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን እንዲይዙ መክረው ነበር። እዚህም እንደዚያው ነው። ልጁ ፈቅዶ ከሄደ ይጠመቅ። ይታሰር፣ በግድ ይጎተት የሚል ቢመጣ ግን እምቢ ይበሉ። በግዞት ወይም በጥይት መሀል የነበረን ሰው ማሰር ወደዚያው መመለስ ነው።

ከጤና ጣቢያው ይጀምሩ። የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ነርስ ካለ ይጠይቁ፤ ከሌለ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ያጽፉለት። ለዚህ ሕመም የሚረዳ የንግግር ሕክምናም መድኃኒትም አለ። አረቄውን በአንድ ቀን አስጥለዋለሁ አይበሉ፤ ብዙ ጠጪ ከነበረ ድንገት ማቆሙ ራሱ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሊጥለውም ይችላል። ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ቤት ውስጥ፣ ከኋላው አይቅረቡት። ከመግባትዎ በፊት በስሙ ይጥሩት። በረንዳ ላይ ማደሩን ለጊዜው ይተዉለት፣ ጋቢ ብቻ ያቀብሉት። «ስንት ሰው ሞተ? አንተስ ምን አደረግህ?» የሚሉ ጠያቂዎችን በደግነት ይመልሱ። መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለ ግን ዛሬውኑ ሌላ ሰው ጋ ያስቀምጡ። «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ ብቻውን አይተዉት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

«የ3ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ተፈናቅለው የመጡ ልጆች አሉኝ። ሥዕል ሳሉ ስላቸው ጠመንጃና የሚቃጠል ቤት ይስላሉ። ልከልክላቸው?» (ከደብረ ብርሃን)

አትከልክላቸው፣ ወንድሜ። «አበባ ሳል» ብለህም አታስተካክላቸው፣ ለክፍሉም አታሳይባቸው። «ስለ ሥዕልህ ልትነግረኝ ትፈልጋለህ?» ብለህ ጠይቅ። አይ ካለ እሺ በል። ልጆቹን ይበልጥ የሚያረጋጋቸው ቀናቸው የታወቀ መሆኑ ነው። ደወሉ በሰዓቱ ይደወል፣ አንተም በሰዓቱ ግባ፣ የምትቀር ከሆነ ቀድመህ ንገራቸው። በር በኃይል አይዘጋ። መብላት ያቆመ፣ መናገር ያቆመ፣ ጓደኞቹን የሚጎዳ ልጅ ካለ ግን አሳዳጊውን ጥራና ወደ ጤና ጣቢያ ላካቸው።

«በሜሪላንድ የምኖር የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ክረምት ላይ ለሁለት ሳምንት አገር ቤት እገባለሁ። በጎ ፈቃደኞችን በነፃ ላሠለጥን አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ። ከመምጣትሽ በፊት አንድ መጠለያ ምረጪና የሚሠሩትን ሴቶች ምን እንደከበዳቸው ጠይቂ። ብዙውን ጊዜ ሥልጠና ማለት ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሆቴል፣ አበል፣ ሰርተፊኬት፣ ከዚያ ዝምታ ነው። አንቺ እንደዚያ አታድርጊው። ሁለቱን ሳምንት ለመተዋወቂያና ለልምምድ ተጠቀሚበት፤ ስላይድ ቀንሺ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለማመዱ።

ዋናው ሥራሽ ወደ ሜሪላንድ ከተመለስሽ በኋላ ያለው ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በእናንተ ሰዓት፣ በእኛ ከሰዓት በኋላ፣ በቴሌግራም አንድ ሰዓት ስጫቸው። ለአንድ ዓመት ያህል ቃል መግባት ካልቻልሽ ቁጥራቸውን ቀንሺ፤ አምስት ሴት ይበቃል። ለሆቴል አዳራሽ ልታወጪ ያሰብሽው ብር ካለ ለዳታ ካርድና ለሕፃን ጠባቂ ይሁን፤ ብዙዎቹ እናቶች ናቸው። ከደብዳቤዎቹ የመጀመሪያውን የጻፈችውን እህት አንብቢያት። ፈቃዷን ካገኘሁ በዝግጅት ክፍሉ በኩል አገናኛችኋለሁ።