ለንደን በአንድ ቀን፤ «እኔ ልክፈል» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይህን አንብቡ

እህቴ፣ «አራት ጓደኛሞች ነን፤ ለንደን ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን አለን፤ ሳንሯሯጥ ዘና ብለን መዞር እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቪዛና ሆቴል ውስጥ አልገባም፤ እሱን ጨርሳችኋል ብዬ ነው። እኛ ባለፈው መስከረም ስድስት ሆነን ልክ እንደናንተው ዞረናል። ቀኑ ቆንጆ ነበር። ገንዘቤ ግን በማይረባ ነገር ሄደ።

1. ካርድ። ይህን ካነበብሽ ሌላውን ብትዘይው ግድ የለም።

ምድር ባቡር ውስጥ ለመግባት የባንክ ካርድሽን በሩ ላይ ታስነኪያለሽ፤ ስትወጪም እንደዚያው። ቀላል ነው። ችግሩ እኛ ሐበሾች ነን። በሩ ጋ ስንደርስ አንዱ ጓደኛችን «በእናታችሁ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው!» ብሎ ቀደመን። አስነካ፣ ገባ፣ ዞር ብሎ ካርዱን በበሩ በላይ አቀበለኝ። ሳስነካው ቀይ መብራት። ደገምኩት፣ ቀይ። ከኋላዬ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ተሰልፏል። እዚያ አገር ሰው አይናገርሽም፤ በረጅሙ ይተነፍስብሻል እንጂ። ያ ትንፋሽ ከስድብ ይብሳል። አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው፣ በቃ።

እሺ ብዬ የራሴን ካርድ አውጥቼ ገባሁ። ስወጣ ግን ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ስልኬ እጄ ላይ። ስልኬ ላይ የጫንኩትም ያንኑ ካርድ ነው። ባንኩ ያው፣ ሂሳቡ ያው። በስልኬ ወጣሁ፤ በሩም ተከፈተ። በማግስቱ ሂሳቤን ሳይ ነው ጉዱ የገባኝ። ለካ ማሽኑ ስልክንና ካርድን እንደ ሁለት ሰው ነው የሚቆጥራቸው! አንዱ ገብቶ ያልወጣ፣ ሌላው ሳይገባ የወጣ። ሁለቱንም በከፍተኛው ታሪፍ ቆረጠብኝ። «በቀን ከዚህ በላይ አትከፍሉም» የሚባል ጣሪያ አለ፣ እውነት ነው። እንዲህ ያለው ግን ጣሪያው ውስጥ አይገባም። እኔ ደግሞ ይህንኑ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ነው ያደረግኩት። ኋላ ኦንላይን ጠይቄ ከፊሉ ተመልሶልኛል።

ጥሬ ገንዘብ ይዤ አውቶቡስ እሳፈራለሁ ብለሽም እንዳታስቢ። ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አይቀበሉም። በተረፈ አውቶቡሱ ደግ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት አውቶቡስ ብትቀያይሪ የምትከፍይው ያንዱን ብቻ ነው። ካርዱን ካልቀያየርሽ!

2. መነሻችሁ ሳውዝ ኬንሲንግተን ይሁን። ከጣቢያው በመሬት ውስጥ መተላለፊያ ቀጥታ ወደ ሙዚየሞቹ ያወጣል፤ ዝናብ ቢሆንም ችግር የለም። ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት (በእነሱ 10) ይከፈታል። መቅደላ ላይ በ1868 (እ.ኤ.አ.) ከተዘረፈው ውስጥ የወርቁ ዘውድ የዚህ ሙዚየም ነው። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም አሠርተውት ሊሆን ይችላል ይባላል። የትኛው ክፍል እንዳለ መግቢያው ላይ ጠይቁ፤ ዝም ብላችሁ ከፈለጋችሁት ቀኑ እዚያው ያልቃል።

እኛ ስንደርስ የትምህርት ቤት ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው እየሳሉት ነበር። አንዱ ልጅ ቢጫው እርሳሱ አልቆበት የዘውዱን ግማሽ በብርቱካናማ ቀብቶታል። ያ «እኔ ልክፈል» ባዩ ጓደኛችን፣ ከጠዋት ጀምሮ አፉ ያልተከደነው፣ ጸጥ አለ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። እዚያ የቆምነው 10 ደቂቃ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ 40 ሆኗል።

ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን ታቦቶች ግን እናያለን ብላችሁ አትልፉ። 11 ናቸው፤ ለሕዝብ አይታዩም፣ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩዋቸውም።

ከዚያ በባቡር ዌስትሚኒስተር ውረዱና ድልድዩን ተሻግራችሁ የወንዙን ደቡባዊ ዳር ይዛችሁ እስከ ታወር ብሪጅ በእግር። ወደ 4 ኪሎ ሜትር ነው። ፈጠን ብለሽ ከሄድሽ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ እኛ አምስት ሰዓት ፈጀብን፣ የቀኑም ደስታ ያ ነበር። ዋተርሉ ድልድይ ሥር አሮጌ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። ቴት ሞደርን የሚባለው የሥዕል ሙዚየም የድሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው፤ ሥዕሉን ባትወዱት እንኳ መጸዳጃ ቤቱ ነጻ ነው። አትሳቁ፣ ከሰዓት በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

3. ምሳ። የቤቱን ስም አልጠራም። አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠብቀውን ምግቡ ቀዝቅዞ መጣ። ሂሳቡ ሲመጣ እኛ ምስኪኖቹ ከላዩ 20 ፓውንድ ጉርሻ አስቀምጠን ልንነሳ ነው። አካውንታንቷ ጓደኛችን ደረሰኙን አገላብጣ «ቆይ፣ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ተብሎ ተጨምሯል» አለች። ከሥሩ በደቃቁ «በፈቃደኝነት» ተብሎ ተጽፏል። ይነሳልን አልኳት አስተናጋጇን። ደረሰኙን ከእጄ መንጭቃ ሄደች። ሩብ ሰዓት ጠፋች። አንዱ ጓደኛችን «ተይው፣ አታዋርጂን» ይለኛል! ንቅንቅ አላልኩም። ተነሳልን። ስለዚህ ደረሰኝ ሳታነቡ ጉርሻ አታውጡ።

ታወር ብሪጅ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ይህ ድልድይ ለመርከብ በዓመት ወደ 800 ጊዜ ይከፈታል፤ ሰዓቱም አስቀድሞ ድረ ገጹ ላይ ይወጣል። እኛ አላየንም። እኔ ፎቶ ሳነሳ ወደ ኋላ ቀረሁ፣ አምስቱ ተሻገሩ፣ ደወል ተደወለ፣ መንገዱ ተዘጋ። አስፋልቱ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ወደ ሰማይ ሲነሳ አፌን ከፍቼ አየሁት። ማዶ ሆነው እየሳቁ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። ካርዴ ከእነሱ ጋ ነው፤ ቅድም ውሃ ግዙበት ብዬ ሰጥቻቸው ነበር። ድልድዩ ወርዶ ስሻገር እነሱ ደክሟቸው ወደ ታወር ሂል ጣቢያ ሄደዋል። እየሮጥኩ በስልኬ አስነክቼ ገባሁ። ባቡሩ ውስጥ ጓደኛዬ «እንቺ ካርድሽን» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስንወርድ እጄ ላይ የነበረው እሱ ነው። በእሱው ወጣሁ።