«ሕዝበ ውሳኔ» ወይስ «ውሳኔ ሕዝብ»?

ጥያቄ፦ ጋዜጦች አንዳንዴ «ሕዝበ ውሳኔ»፣ አንዳንዴ «ውሳኔ ሕዝብ» ብለው ይጽፋሉ። ትክክሉ የትኛው ነው? ሕዝብን የሚከፋፍል የፖለቲካ ጉዳይ በዚህ መንገድ ሲቋጭስ «ሕዝቡ ወሰነ» ማለት ያስኬዳል? ለመሆኑ እንዲህ ያለ ጉዳይ ለሕዝብ ድምፅ መቅረብ አለበት ይላሉ?

መልስ፦ በግእዝ አናባብ፣ ማለትም ሁለት ስሞች ተጣምረው ሲነበቡ፣ ባለቤቱ ከኋላ ይመጣል። «ሕዝበ እስራኤል» የእስራኤል ሕዝብ፣ «ሕገ መንግሥት» የመንግሥት ሕግ ነው። በዚህ ከሄድን «ሕዝበ ውሳኔ» የውሳኔ ሕዝብ ሊሆንብን ነው። የሕዝብ ውሳኔ ለማለት የሚስማማው «ውሳኔ ሕዝብ» ነው፤ «ውሳኔ» በኃምስ (በአምስተኛው ድምፅ፣ በ«ኔ») ስለሚጨርስ፣ የቅኔ ዓይነት ስም እንደሆነው «ጉባኤ ቃና» መድረሻው ሳይለወጥ ይናበባል። እኔ እንዲህ እጽፋለሁ። «ሕዝበ ውሳኔ» ግን ሥር ሰድዷልና የጻፈውን ሰው ተሳስተሃል አልለውም።

ከስሙ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ጥያቄ ነው። «ውሉ መቅረት የለበትም?» ተብሎ ቢጠየቅ «አዎ» ያለ ሰው ምን ማለቱ ነው? አንዱ «አዎ፣ መቅረት የለበትም» ማለቱ ነው፤ ሌላው «አዎ፣ ይቅር» ማለቱ ነው። በአፍ ሲሆን ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ ያብራራዋል፤ ወረቀት ላይ ግን ያለው የ«ኤክስ» ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በአዎንታ፣ መልሱም «ይቀጥል» ወይም «ይቅር» ተብሎ በግሥ ይጻፍ።

«ትስማማላችሁ ወይ?» የሚለውም ንጹሕ አይደለም፤ መላሹን ወደ እሺታ ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮትላንድ ከብሪታንያ ስለ መነጠል ድምፅ ከመስጠቷ በፊት የተረቀቀው ጥያቄ በዚሁ ቃል የሚጀምር ነበር። የብሪታንያ የምርጫ ኮሚሽን መረመረው፤ ያዘነብላል አለ፤ በምክሩም «ስኮትላንድ ነጻ አገር መሆን አለባት?» ተብሎ ተስተካከለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በዕዳ በተጨነቀችው ግሪክ ለመራጮች የቀረበው ደግሞ የአገሪቱን አበዳሪዎች ሁለት ሰነዶች ከነርእሳቸው የዘረዘረ ረጅም ጥያቄ ነበር፤ «አይ» የሚለው ምርጫም ከ«አዎ» በላይ ተቀምጧል። ከ61 በመቶ በላይ መራጭ «አይ» አለ። መንግሥቱ ግን በዚያው ወር ከአበዳሪዎቹ ጋር በከባድ ቅድመ ሁኔታዎች ተስማማ። እንግዲያ ያ ሁሉ ሰው «አይ» ያለው ለምኑ ነበር? ለሰነዶቹ? ለአበዳሪዎቹ? ወይስ ለዩሮ የገንዘብ ኅብረት? ጥያቄው ራሱ ይህን አይለይም።

ከፋፋይ ጉዳይ ለሕዝብ ይቅረብ ወይ ላሉኝ፣ ተከራካሪዎቹ ሁሉ «ጠባችን በትክክል ይኸው ነው» በሚሉት አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መጠየቅ ከተቻለ ይቅረብ እላለሁ። ዓረፍተ ነገሩ «እና» እና «ሆኖም» እየጨመረ ከረዘመ ጉዳዩ ገና አልበሰለም፤ አንቀጽ በአንቀጽ ሊከራከሩበት የሚችሉ ተወካዮች ይምከሩበት።

«ሕዝቡ ወሰነ» የሚለውን አልወደውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ያለው 51.9 በመቶ፣ እንቆይ ያለው 48.1 በመቶ ነበር። «ሕዝቡ ወሰነ» ሲባል የተሸነፈው 48.1 በመቶ ከሕዝብነት ተራ ይወጣል፤ ድምፅ ያልሰጠውም ሳይጠየቅ ከአሸናፊው ጋር ይደመራል። «በውሳኔ ሕዝብ ተወሰነ» ቢሉ አሠራሩን መናገር ነውና ያስኬዳል። ማን እንደወሰነ መናገር ከፈለጉ ደግሞ «አብላጫው መራጭ እንድትወጣ ወሰነ» ብለው ይጻፉ፤ የድምፁን ልዩነትም እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገቡት።